የዶኪያ ነጭ ደም

ዶኪያን በመልክ የማያውቃት ሰው እንኳ ሳቋን ያውቅ ነበር። ቅዳሜ ገበያ የፍየል አይቧን ዘርግታ ስትስቅ ከወንዙ ማዶ ይሰማል። እኔ በሦስት ዓመት እበልጣታለሁ። ቤቴ ከእናቷ ቤት በታች ነው፤ በአጥር ቀዳዳ ጨውና እርሾ ስንቀባበል ነው ያረጀነው። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ ሐኪሞቹ ያሉትን የምጽፈው በገባኝ ልክ ነው። ሌላውን ግን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ አንዳንዱንም በእጄ ሠርቼዋለሁ።

ወጣት ሳለች የሥራ ልብስ በሚሰፋበት ፋብሪካ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ እጅጌ ብቻ ሰፋች። «በእኔ እጅጌ ክንዱን ያላስገባ ወንድ በዚህ አገር የለም፤ አቅፎኝ ያረጀ ግን አንድም የለ» ትል ነበር። ባሏ ለአንድ ክረምት ብሎ ኦስትሪያ ሄዶ እዚያው ቀረ። ልጅም አልወለዱ። ፋብሪካው ሲዘጋ ስድስት ፍየል ገዝታ እናቷ ቤት ገባች።

ወንድሟ ትራይሎ በአራት ዓመት ይበልጣታል። እሱም ቪየና ሃያ ዓመት ጡብ ደርድሮ የተመለሰ ነው። ከእኛ መንደር ያልሄደ የለም። የሄደ ሁሉ ባለ ሦስት ፎቅ ይሠራል፣ በሩ ላይ ሁለት የድንጋይ አንበሳ ያቆማል፣ ከዚያ መስኮቱን ዘግቶ ተመልሶ ይሄዳል። በመንገዱ ሲያልፉ የሚያይ ዓይን የአንበሳ እንጂ የሰው አይደለም። ትራይሎም አንበሶቹን አቁሞ ሲያበቃ የሚተኛው ታች ኩሽናው ውስጥ ነበር። ፎቁ ላይ ለምን እንደማይወጣ ብጠይቀው «እዚያ ላይ ሰው የሚራመድ ይመስለኛል» አለኝ። ቀልዱን መስሎኝ ነበር። ዝም ያለ ሰው ነው፤ ድምፁ የሚሰማው በሰኔ ብቻ ነው። ሊፓ የምንለው፣ ሽታው የሚከብድ ዛፍ ሲያብብ አፍንጫው አይችለውም። ሦስት ጊዜ ያስነጥሳል፣ ሁልጊዜ ሦስት። ዶኪያም ከአጥሩ ወዲያ «ወንድሜ፣ አንበሶቹን ጣልካቸው!» ትለዋለች።

ሁለቱም የኅዳር ልጆች ናቸው። በእኛ ዘንድ በአንድ ወር የተወለዱ እህትና ወንድም በአንድ ገመድ እንደታሰሩ ነው፤ አንዱ የሞተ እንደሆነ ሌላውን ይስበዋል። ስለዚህ ሟቹ ሳይቀበር፣ ፀሐይም ሳትጠልቅ፣ የሁለቱን እግር በፈረስ እግር ብረት አንድ ላይ ይቆልፉታል። በሕይወት ያለው፣ የሥጋ ዘመዱ ያልሆነ ሰው ጠርቶ ሦስት ጊዜ «በእግዜር ስም እህቴ ሁኚ» ወይም «ወንድሜ ሁን» ይላል። የተጠራው እሺ ብሎ ጓጉንቸሩን ይከፍታል። ነጻ የወጣው ወደ ኋላ ሳያይ ይሄዳል፤ ቁልፉም ወራጅ ውሃ ውስጥ ይጣላል። ከዚያ ወዲያ ለሟቹ ከእጁ ምንም አይሰጥም፤ ጧፍ እንኳ የሚያበራለት ሌላ ሰው ነው። ከሰጠ ገመዱ እንደገና ይቋጠራል። እኛ እንዲህ ነው የምናውቀው።

የዶኪያ ሕመም በላብ ጀመረ። ጠዋት ጠዋት የተኛችበትን ሸሚዝ ጠምዝዛ ስታሰጣ አያት ነበር። ቀጥሎ በግራ ጎኗ፣ ከጎድን አጥንቷ ሥር፣ አንድ ነገር ጠጠረ፤ ሁለት ጉርሻ ስትጎርስ ትጠግባለች።

«ፓውንካ፣ እስቲ ዳብሽኝ» አለችኝ እጄን ይዛ። «በዚህ ዕድሜዬ አርግዤ እንደሆን በማን ላላክክ?»

ዳበስኩት። እንደ ደረቀ ዳቦ ጠርዝ ነበር። ጣፊያዋ መሆኑን ያወቅነው በኋላ ነው።

በከተማችን ላቦራቶሪ ዝላታ የምትባል ሴት ነበረች፤ ደም ስትቆጥር ሠላሳ ዓመት የሆናት። የጤነኛ ሰው ነጭ የደም ሕዋስ ከአራት እስከ አሥር ሺህ ነው። የዶኪያ ሠላሳ ሁለት ሺህ ሆነ። ሐኪሙ «የተደበቀ ቁስል አለ» አለ። ክኒን ዋጠች፣ ሠላሳ ዘጠኝ ሆነ። መርፌ ተወጋች፣ አርባ አራት። ሳንባዋን አዩ፣ ኩላሊቷን አዩ፣ ሐሞቷን አዩ፤ ምንም የለም። ከዚያ ጥርሷ ላይ ዘመቱ። ቁስሉ ከሥር ተደብቆ ይሆናል ብለው አንድ ነቀሉ፣ ሁለት ነቀሉ፣ ሦስት ነቀሉ።

«ለአይብ ሁለት ይበቃኛል» ትላለች ዶኪያ፤ «ለመናከስ ግን አንድ ሦስት ተዉልኝ።»

አንድ ቀን አብሬያት ሄጄ ዝላታ ወደ ውስጥ ጠራችኝና ማይክሮስኮፑ ላይ አስጎነበሰችኝ። ሐምራዊ ነጥብ የበዛበት ነገር አየሁ፤ ጥቅጥቅ ብሎ የቆመ።

«አየሻቸው? ወታደሮች ናቸው» አለችኝ። «ቁስል ሲኖር ይወጣሉ። ሁሉም ጎልማሳ፣ ሁሉም የታጠቀ፤ ጥሬ ምልምል የለባቸውም ማለት ይቻላል። ሐኪሙ ቁስል ነው ያለው ለዚህ ነው።»

«ታዲያ ልክ አይደለም እንዴ?»

«ጠላቱ የታለ ታዲያ?» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሠላሳ ዓመት ስቆጥር እንዲህ ያለ ጦር ያለ ጠላት ሲሰለፍ አላየሁም። ማንም ሳይጠራቸው ነው የሚወጡት።»

ወደ ዋና ከተማው ወደ ቤልግሬድ ትላክ ብላ ለሐኪሙ በወረቀት ጻፈችለት። ሐኪሙ ወረቀቱን መሳቢያው ውስጥ አስገብቶ «በመጀመሪያ አራተኛው ጥርስ ይውጣ» አለ።

ጎርፉ ድልድዩን የወሰደበት ግንቦት ነበር። ድልድዩ ከመወሰዱ ሁለት ቀን በፊት ትራይሎ በመኪናው ከተማ ወሰዳት፤ የዚያን ዕለት ነጭ ደሟ አርባ ስምንት ሺህ ሁለት መቶ መሆኑን የሚያሳየውን ወረቀት ኪሱ ውስጥ ከቶ ተመለሰ። አራተኛው ጥርሷ በዚያው ቀን ተነቀለ፣ ደሙ ግን አልቆም አለ። ረቡዕ ደማ፣ ሐሙስ ደማ። ፎጣ ስናጥብ ውለን ፎጣ ስናጥብ አደርን። ድልድዩ ስለሄደ አምቡላንስ መግባት አልቻለም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከንፈሯ ሰም መሰለ፤ እጇ ቀዘቀዘ። እናቷ ስታና በጨለማ እንዳትሄድ ብላ ጧፍ አብርታ በጣቶቿ መሃል አስያዘቻት። መስታወት አፏ ላይ አደረግን። ጉም የለውም። እኔም አይቻለሁ፤ ምንም ጉም አልነበረውም።

ስታና አላለቀሰችም። ወደ መስኮቱ ዞራ ፀሐይዋን አየች፤ ከኮረብታው ጫፍ አንድ ጣት ቀርቷታል።

«ሁለቱንም አልሰጥም» አለች። «ትራይሎ፣ ብረቱን አምጣ!»

ትራይሎ የእግር ብረቱን ከጋጣው ቆጥ አወረደው። የአያቱ ፈረስ ይታሰርበት የነበረ ነው። ጓጉንቸሩ ያለ ቁልፍ ይዘጋል፣ ያለ ቁልፍ ግን አይከፈትም። ጫማውን አውልቆ ቀኝ እግሩን ከእህቱ እግር አጠገብ አደረገ። ጓጉንቸሩ ሲዘጋ የተሰማው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከዚያ እኔን አየኝ።

«ፓውንካ፣ በእግዜር ስም እህቴ ሁኚ።»

ሦስት ጊዜ አለው። ሦስት ጊዜ «እስከ ሞቴ እህትህ ነኝ» አልኩት። ቁልፉን አዞርኩ። ትራይሎ እግሩን አውጥቶ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ በሩ መራመድ ጀመረ።

ያኔ ጧፉ ጠፋ። ያጠፋው የዶኪያ ትንፋሽ ነው። ከደረቷ ሳል ወጣ።

ትራይሎ ሰምቷል። ትከሻው ሲሸማቀቅ አይቻለሁ። ግን አልዞረም። በግቢው አልፎ፣ በአንበሶቹ መሃል አልፎ፣ ቤቱ ገብቶ ዘጋ።

«ቁልፉን ጣይ!» አለችኝ ስታና።

«እማማ ስታና፣ ተነፈሰች እኮ! በሕይወት አለች!»

«የተጀመረ ነገር መሃል ላይ አይቆምም። ግማሹን ከተውነው የባሰ ነው። ጣይ አልኩሽ!»

እየሮጥኩ ወንዙ ዳር ወርጄ ጣልኩት። ውሃው ጎርፍ ነው፣ ያጓራል፤ ሆኖም ቁልፉ ሲገባ ሰማሁት። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ያቺን ትንሽ ድምፅ መስማት እንዴት እንደቻልኩ አላውቅም።

ቅዳሜ ወታደሮች በጀልባ አሻገሯት። ከተማ ደም ሰጧትና ወደ ቤልግሬድ ላኳት። እዚያ ዶክተር ግሮዝዳና እጅ ላይ ወደቀች። ይቺ ሴት ሌላው ሐኪም የጻፈውን ከማንበቧ በፊት «ከመጀመሪያው ንገሪኝ» ትልና እጇን አጣምራ የምታዳምጥ ናት። ከዳሌ አጥንቷ በመርፌ መቅኔ ቀዳች። ዶኪያ ጥርሷን ነክሳ «ዶክተር፣ መቅኔውን ውሰጂ፤ አጥንቱን ግን ለውሻ እንዳትጥይብኝ» አለቻት። ዶክተሯ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

መጀመሪያ ብዙ ሰው የሚይዘውን የደም ካንሰር ምልክት ፈለጉ፤ ያ ቢሆን በየቀኑ በሚዋጥ ክኒን ይያዛል። አልተገኘም። የተደበቀ ቁስል እንደገና ፈለጉ፤ የለም። ሌላ ቦታ የበቀለ እጢ ነጮቹን ሕዋሶች እየጠራ እንደሆነ ፈለጉ፤ እሱም የለም። ደሟን ለሌላ ምርመራ ላኩትና አምስት ሳምንት ጠበቅን። ውጤቱ ሲመጣ እኔም ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ።

«በሰውነታችን ውስጥ ነጮቹን ‹ውጡ› ብሎ የሚጠራ ድምፅ አለ» አለች ዶክተር ግሮዝዳና። «መቅኔ ደግሞ ያን ድምፅ የሚሰማበት ጆሮ አለው። ያንቺ ጆሮ ተበላሽቷል። ማንም ሳይጠራው ተጠራሁ ይላል። ካንሰር ነው፤ በጣም ብርቅ የሆነ። በሥራ ዘመኔ አንቺ ሦስተኛዬ ነሽ።»

«ሁለቱስ የት አሉ?»

ዶክተሯ ብዕሯን ከደነች። «አንደኛው ለገና ይደውልልኛል» አለች።

ዶኪያ ነጮቹን ወደ ታች የሚይዝ ክኒን ይዛ ወደ መንደር ተመለሰች። አንድ ዓመት ያዘላት። ያ ዓመት ግን ምን ዓይነት ዓመት ነበር! ገበያ ላይ አይቧን የሚገዛ ጠፋ። ጧፍ ይዛ፣ በእግር ብረት ከወንድሟ ተለይታ፣ ቁልፏ ወንዝ ውስጥ የገባ ሴት የሠራችውን አይብ ማን ይበላል? ሰላም ይሏታል፣ እጇን ግን አይጨብጡም። ትራይሎም ስሟን መጥራት ተወ፤ «ያቺኛዋ» ይላል። እንጨት ይፈልጥላታል፣ ዳቦ ይገዛላታል፣ ከእጁ ግን ምንም አይሰጣትም። አጥሩ ላይ ያስቀምጥና ይሄዳል፤ ከሄደ በኋላ ታነሣለች።

«ወንድሜ ከድመቱ እኩል አደረገኝ» አለችኝ አንድ ቀን። «ድመቱን እንኳ አንዳንዴ ይዳብሰዋል።» ሳቀች፤ ሳቋ ግን ወንዙን አልተሻገረም።

እኔስ? ሳልደብቅ ልናገር። ወንድም የለኝም፣ ኖሮኝም አያውቅም። ትራይሎ ግን በዚያ ዓመት እሑድ እሑድ እየመጣ ራኪያ አረቄ ከእኔ ጋር ይጠጣ ነበር፤ የጣሪያዬን ክዳን ጠገነ፤ «እህቴ» ብሎ ሲጠራኝ ልቤ ይሞቅ ነበር። የእሷን እህትነት ነጥቄ እንደለበስኩት አውቃለሁ። አውቄም አላወለቅኩትም።

በዓመቱ ክኒኑ ከዳት፤ ነጮቹ እንደገና መውጣት ጀመሩ። ዶክተር ግሮዝዳና የቀረው አንድ መንገድ ነው አለች፤ የእሷን መቅኔ ማጥፋትና የወንድሟን መተካት። ትራይሎን መረመሩት። ሙሉ በሙሉ ገጠመ።

«አልሰጥም» አለ ትራይሎ። «ከእጄ ምንም መስጠት አልችልም።»

ዶክተሯ እሱን «ለምን?» አላለችውም። እኔን ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ከዚያ ወደ እሱ ሄደች።

«ከእጅህ አትሰጥም» አለችው። «ማሽን ነው ከደምህ የሚወስደው። ከማሽኑ ነርስ ትቀበላለች። አንተ ዓይንህን ጨፍነህ ተቀመጥ፤ ማን እንደወሰደ አታይም፣ ለማን እንደሄደ አታይም።»

ትራይሎ ኮፍያውን ሲያሽከረክር ቆየና «ማሽን ከሆነ ይሁን» አለ።

በእግዜር እህቱ ስለሆንኩ አብሬው ቤልግሬድ ሄድኩ፤ ሆስፒታሉ አጠገብ ክፍል ተከራየን። ዶኪያን መስታወት ካለው ክፍል አስገብተው መቅኔዋን በመድኃኒት ማቃጠል ጀመሩ። ትራይሎን ደግሞ በየቀኑ መርፌ ይወጉታል። መርፌው የመቅኔ ዘሮቹ ከአጥንቱ ወደ ደሙ እንዲወጡ የሚጠራ ነው፤ ሲጠራ ነጮቹም አብረው ይነሣሉ። ነርሷ አስቀድማ ነግራዋለች፤ አጥንትህን ያምሃል፣ ቁጥሩም ይወጣል፣ በሳምንት ውስጥ ይወርዳል ብላ። ነገር ግን የተነገረና በገዛ አጥንት የተሰማ አንድ አይደለም።

በሦስተኛው ቀን ወገቡን ይዞ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «ወገቤ ውስጥ ሰው እየተራመደ ነው» አለኝ። በአራተኛው ቀን ጠዋት የደም ውጤቱን ወረቀት ሰጡት። ወረቀቱን አየ። ከኪስ ቦርሳው አንድ የተጣጠፈ አሮጌ ወረቀት አውጥቶ ጎን ለጎን አደረጋቸው። ያቺ የአራተኛው ጥርስ ቀን የዶኪያ ወረቀት ናት። አርባ ስምንት ሺህ ሁለት መቶ። የእሱም አርባ ስምንት ሺህ ሁለት መቶ። አንድ ቁጥር አልጎደለ፣ አንድ ቁጥር አልበለጠ።

ቡና ላምጣ ብሎ ወጣ፤ አልተመለሰም።

ወደ ዶክተር ግሮዝዳና ሮጥኩ። ፊቷ ሲለወጥ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ወይዘሮ ፓውንካ፣ ዶኪያ አሁን መቅኔ የላትም» አለችኝ። «ትናንት ጨርሰነዋል። ባዶ ቤት ናት። ነገ የወንድሟ ካልገባ መመለሻ የለም።»

ወዴት እንደሚሄድ አውቀዋለሁ። አውቶቡስ ጣቢያ ስደርስ ወደ እኛ አገር የሚሄደው መኪና ሞተሩን አስነሥቶ ቆሟል። ትራይሎ ሦስተኛው ወንበር ላይ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ ተቀምጧል።

«ውረድ!» አልኩት ገብቼ።

«አልወርድም። ጀምራለች፤ እየሳበችኝ ነው። ቁጥሩን አላየሽም?»

«መርፌው ነው ያወጣው። ነርሷ ነግራሃለች።»

«ነርሷ ምን ታውቃለች! ነርሷ የኅዳር ልጅ ናት? እግሯ ብረት ውስጥ ገብቷል?»

ሹፌሩ በመስታወቱ አየን። «እናንተ ሽማግሌዎች» አለ፤ «ጠባችሁን ይዛችሁ ውረዱ፣ አለዚያ ለጠቡም ትኬት ቁረጡለት።»

እጄን ካፖርቴ ኪስ ከተትኩ። እዚያ ያለው የበቆሎ ጎተራዬ ቁልፍ ነው፤ ቤት የምተውለት ሰው ስለሌለ ይዤው መጥቻለሁ። ረጅም የብረት ቁልፍ፣ የዛገ። እንዴት እንደመጣልኝ አላውቅም። አውጥቼ ዓይኑ ሥር አደረግኩት።

«ይሄን ታውቀዋለህ?»

አየው። ደሙ ከፊቱ ወረደ። «ጣልሽው እኮ።»

«አልጣልኩትም። ስትስል ሰማሁና አልቻልኩም። ኪሴ ውስጥ ከትቼ ድንጋይ ነው የወረወርኩት።»

«ታዲያ... አልተለያየንም?»

«አንድም ቀን አልተለያያችሁም። እሷ ብትሄድ አንተም ትከተላለህ፤ እሷ ብትቆይ ትቆያለህ። አንተ ግን ዓመት ሙሉ ዳቦዋን አጥር ላይ ስታስቀምጥ ኖርክ።»

ከዚያ የሚከብደኝን አደረግኩ። እዚያው አውቶቡሱ ውስጥ ቆሜ ሦስት ጊዜ «በእግዜር ስም የሰጠሁህን እህትነት መልሼ ወስጃለሁ» አልኩት። ከፊት የተቀመጠች ሴትዮ አማተበች።

ትራይሎ ቁልፉን ከእጄ ወሰደ። የጫማውን ማሰሪያ ፈትቶ ቁልፉን አሰረበት፤ አንገቱ ላይ አደረገው። ተነሥቶ አንድ እግሩን ያለ ማሰሪያ እየጎተተ ወረደ።

በማግስቱ ማሽኑ አጠገብ አምስት ሰዓት ተቀመጠ፤ ሁለት ክንዱ ላይ መርፌ ተሰክቶ። ዓይኑን ጨፍን ቢሉት አልጨፈነም። ከረጢቱ ሲሞላ እስከ መጨረሻው አየው። «ስጡኝ፣ እኔ ልውሰድላት» አለ። ነርሷ አይቻልም አለች። «እንግዲያው ልንካው» አለ፤ ጣቱን አስነኩት።

ዶኪያ ከመስታወቱ በስተጀርባ ሁለት ወር ያህል ተኛች። ቆዳዋ ተላጠ፣ አፏ ቆሰለ፣ ሞት ሁለት ጊዜ በሩን ከፍቶ አይቷት ሄደ። ከዚያ አንድ ጠዋት ነጮቹ ተቆጠሩ፤ ስድስት መቶ፤ በማግስቱ ዘጠኝ መቶ። ሁሉም የትራይሎ። የደሟ ዓይነት ተለወጠ። ዶክተር ግሮዝዳና እንደነገረችን ከዶኪያ ደም ወስዶ የማን ነው ብሎ ለጠየቀ ሰው መልሱ «የአንድ ወንድ ነው» የሚል ነው። ይህን ስትሰማ ዶኪያ ጥርሱ በጎደለ አፏ ሳቀች፤ ሳቋ በመስታወቱ አልፎ ተሰማን።

«ተመስገን» አለች፤ «ለመጀመሪያ ጊዜ ውስጤ የቀረ ወንድ አገኘሁ።»

ከዚያ ስምንት ዓመት ኖሩ። ዳቦውን ከእጁ ወደ እጇ ይሰጣታል። ትራይሎ እኔን ከዚያ ወዲያ «ፓውንካ» ነው የሚለኝ፤ እሑድም አልመጣም። ጎተራዬን ሰብሬ ከፈትኩ፤ አሮጌውን ጓጉንቸር መሳቢያ ውስጥ ጣልኩት፤ በሩን በሽቦ አሰርኩ።

በስምንተኛው ዓመት መከር ትራይሎ እንጨት ሲቆርጥ ዛፉ በተሳሳተ አቅጣጫ ወደቀበት። ወደ ቤት ሲያመጡት ሞቶ ነበር። ስታና ቀድማ ሞታለች፤ ሽማግሌዎቹ ግን ነገሩን ያውቃሉ። ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነው። እኔ ደርሼ ሳልናገር ያንኑ ብረት አምጥተው የዶኪያን እግር ከወንድሟ እግር ጋር አድርገው ጓጉንቸሩን ዘጉት።

«ቁልፉ?» አለ አንዱ።

«አንገቱ ላይ ነው» አሉ ሁሉም። ስምንት ዓመት ሲያዩት፣ የዚያ ብረት ቁልፍ ነው ሲልም ሲሰሙት ኖረዋል።

እኔ ብቻ ነበርኩ የማውቀው። እውነተኛው ቁልፍ በዚያ ጎርፍ ሄዷል። ዶኪያ ከሬሳ ጋር ተቆልፋለች፣ የሚከፍት የለም፣ ፀሐይዋ ጣት አልቀራትም። ብረቱ በመጋዝ ቢቆረጥ ያልተፈታ ነው ይላሉ። ዶኪያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ፓውንካ፣ በእግዜር ስም እህቴ ሁኚ።»

ሦስት ጊዜ አለች። ሦስት ጊዜ እሺ አልኩ። የጫማ ማሰሪያውን ከአንገቱ አወጣሁ፤ ቁልፉ ከቀዘቀዘ ደረቱ ላይ ነው የተነሣው፣ ግን ሞቅ ይላል። የጎተራዬ ቁልፍ ነው፤ ጥርሱን አውቀዋለሁ፤ አባቴ ነው በሞረድ ያስተካከለው። ጓጉንቸሩ ውስጥ ከተትኩት።

ዞረ።

ያለ ኃይል፣ በቅቤ እንደተቀባ፣ ዞረ። ተከፈተ።

ሽማግሌዎቹ «ሂጂ፣ ወደ ኋላ አትይ» አሏት። ዶኪያ ሦስት እርምጃ ሄደች። ከዚያ ቆመች፤ ዞረች፤ ወንድሟን አየችው። ሴቶቹ ጮኹ።

«ምን ትጮሃላችሁ?» አለች። «ደሙ እኔ ውስጥ እየዞረ ጀርባ የምሰጠው ለማን ነው?» ተመልሳ መጥታ በገዛ እጇ ጧፉን አበራችለት።

ማታ ቤቴ ገብቼ አሮጌውን የጎተራ ጓጉንቸር ከመሳቢያው አወጣሁ። ቁልፉን ሞከርኩት። አልገባም። ዘይት ጠብ አድርጌ ሞከርኩ፤ ጥርሱ አይገጥምም። አንጥረኛው ቁልፉ ስምንት ዓመት በሰው ላብ ተበልቷል አለኝ፤ ይሆናል። እኔ ግን በማግስቱ ወንዙ ዳር ወርጄ ቁልፉን ጣልኩት። በዚህኛው ጊዜ ውሃው ጸጥ ያለ ነበር፤ ሲወድቅ ምንም አልሰማሁም።

ዶኪያ አለች። በየዓመቱ ቤልግሬድ ሄዳ ትቆጠራለች። ስትመለስ በአጥሩ ቀዳዳ «ትራይሎ ደህና ነው፤ ስድስት ሺህ ሁለት መቶ ሆኗል» ትለኛለች። ለዶክተር ግሮዝዳናም ለገና ትደውላለች።

ባለፈው ሰኔ መቃብሩ ጋ አብረን ሄድን። የሊፓው ዛፍ ከላዩ ነው፤ አብቦ ንቡ ያጓራል። ዶኪያ በሕይወቷ ሊፓ ነክቷት አያውቅም፤ ልጅ ሳለን አበባውን ትበላው ነበር። ዳቦውን መቃብሩ ላይ አስቀምጣ ቀና ስትል አፍንጫዋን ያዘች። አስነጠሳት። ቆየና እንደገና። ቆየና ሦስተኛውን።

ንቦቹ ዝም ያሉ መሰለኝ።

«ይማርህ፣ ትራይሎ» አልኩ።

ዶኪያ አፍንጫዋን በመሐረብ ጠርጋ ዳቦውን ቆርሳ ግማሹን በእጄ ሰጠችኝ።